ፎቶው ላይ ላለው ደብር

ቺሮ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገሊላ፣

በሰው አገር ብርድና ክፉ ዓይን የማያገኝሽ አምላክ ከፊት ከኋላሽ ይቁም። እንደምን ከርመሻል? እኛ ጉልበቴ ከሚያሰማው አቤቱታ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ስልክ ስይዝ እጮኻለሁ፤ ስጮኽ ደግሞ በርበሬ ተራ በሙሉ ሥራውን ትቶ እኔን ነው የሚያዳምጠው። ይኼ የገበያ ወሬ አይደለም። ስለዚህ መሠረተ ትምህርት ባስተማረው እጄ ጻፍኩት፤ ዋሲሁን ኮፒ ቤቱ ውስጥ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ ላኪ። በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ከቀበሌ የመጣ መጥሪያ ነው የሚመስለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አራት ዓመት በዚያ ክፉ በሽታ ሆስፒታል የገባሽ ጊዜ፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ጓደኛሽ ደውላ «በመሣሪያ ነው የምትተነፍሰው» አለችኝ። እናትሽ ማሚቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልጋ ላይ ነበረች፤ ምን ብዬ ልንገራት? የአክስቷ ልጅ እያለሁ ማን ሊሳልልሽ ነው? ግድግዳው ላይ የነበረውን ፎቶሽን አወረድኩት። ያንን ቀይ ኮፍያ አድርገሽ፣ ሰማይ የሚነካ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቆምሽበትን። ደረቴ ላይ ይዤ «እመቤቴ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ካተረፍሽልኝ እዚህ ቆማ ላለችበት ደብር በእግሬ ሄጄ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። በሦስተኛው ቀን መሣሪያው ተነቀለልሽ።

ሌላው ሰው እዚሁ ሰፈሩ ላለችው ማርያም ይሳላል። እኔ ስጨነቅ ማሰብ አልችልም፤ ዓይኔ ያየውን ነው የጠራሁት። አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ስለት ደግሞ እንደ ሰው ቀጠሮ አይደለም፣ «ሳይመቸኝ ቀረ» አይባልም። እስከ ዛሬ የእናትሽ ሐዘን ያዘኝ፣ ከዚያም እውነት ለመናገር አውሮፕላኑን ፈራሁት። አሁን ግን ስድሳ ስምንት ሞላኝ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ማድረስ አለብኝ።

እና ልመጣ ነው። ታቦቱ የማን እንደሆነ ጻፊልኝ። የበሩንም ስፋት ለክተሽ ላኪ፣ ጥላው ተከፍቶ መግባት አለበት።

ዘመድሽ ብርነሽ ወልዴ

---

እንግሊዝ አገር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ ብርነሽ፣

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥዬ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሶፍት ሰጥታኝ ወንበር ቀየረች።

እትዬ፣ ለእኔ ብለው እንዲህ ተስለው አራት ዓመት ዝም አሉ? ምን እላለሁ። እግዜር ያክብርልኝ።

ነገር ግን ጥላውን በሰው ወይም በፖስታ ቢልኩልኝና እኔ ባስገባልዎትስ? ከተማዋ ሊንከን ትባላለች። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሺህ ዓመት ይጠጋዋል፤ ያለውም ከከተማዋ አናት ላይ ነው። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ስሙ ራሱ በእኛ ቋንቋ «ቀጥ ያለው ዳገት» ማለት ነው። መኪና አይወጣውም። ለእግረኛው የብረት መደገፊያ ሠርተውለታል፤ ወጣቶቹ እንኳ እያለከለኩ ነው የሚደርሱት። በዚያ ጉልበት እንዴት ይሆናል?

ልጅዎ ገሊላ

---

ቺሮ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለገሊላ፣ ሰላምሽ ይብዛ፣

ስለት በፖስታ! ኧረ ጉድ ነው! እመቤቴን «ሰው ልኬልሻለሁ» ልበላት? አንቺን የለመንኳት በሰው ነው እንዴ?

ዳገት ነው ብለሽ ደግሞ ታስፈራሪኛለሽ። የአሰቦት ገዳምን ተራራ ስንት ጊዜ ነው የወጣሁት? ያውም በቆላ ፀሐይ፣ ያውም በጾም! እንግሊዝ መደገፊያ ብረት ያለው ዳገት ዳገት ነው ይለኛል። ከትናንት ወዲያ ጀምሬ ጠዋት ጠዋት ከከተማው በላይ ያለውን ጋራ ልምምድ እወጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ላይ ቀረሁ። ዛሬ ከግማሹ ትንሽ አለፍኩ። አንድ ሽማግሌ ከብት እየነዳ አገኘኝና «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «እንግሊዝ ልሄድ ነው» አልኩት። ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ጥላው ተጀምሯል። ከፋዩ ቀይ ነው፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። የምትሰፋው መይሙና ናት፤ አርባ ዓመት አጥር የተጋራን ጎረቤት እያለችኝ ለማን እሰጣለሁ? «ለቤተ ክርስቲያን ስለት ስትሰፊ ሰው ምን ይልሻል?» ብላት ጣቷን ቀሰረችብኝ። «መርየም ያንቺ ብቻ ናት? ቁርኣናችን ውስጥ ስሟ ያለው ለማን መሰለሽ? ወላሂ ይኼን ዘርፍ ሌላ ሰው ከነካው እጣላሻለሁ!» አለች። የእጅ ዋጋ አልቀበልም ብላለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ከሚዘንብበት አገር አንድ ደህና የዝናብ ጃንጥላ።

ታቦቱ የማን ነው አልኩሽ፤ አልመለስሽልኝም። በሩስ?

ብርነሽ

---

እንግሊዝ አገር፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመጦሪያው ቤት ሥራ በዝቶብን ነበር፤ ሦስት ሰው ታሞብን የእነሱንም ተራ እኔ ነኝ የሠራሁት። የጥሪ ደብዳቤውን አዘጋጅቼ ልኬያለሁ፤ ዋሲሁን አትሞ ይስጥዎት። ፎርሙን እኔ በኢንተርኔት ሞልቼዋለሁ። አዲስ አበባ ሄደው አሻራ መስጠት ብቻ ነው የሚቀርዎት።

በሩ ሰፊ ነው፣ አያስቡ። ዝሆን ያስገባል።

አክባሪዎ ገሊላ

---

ቺሮ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገሊላ፣

እንደምን አለሽ። የጥሪውን ደብዳቤ ዋሲሁን አነበበልኝ። አድራሻሽ ሌስተር ይላል፤ ሥራሽም ሌስተር ይላል። ሊንከን የሚል ፈልጌ አጣሁ። በስልኩ ካርታ አሳየኝ፤ ከቺሮ ሚኤሶ ደርሶ መልስ ይበልጣል።

ታቦቱን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ። ስለ በሩ ዝሆን ትነግሪኛለሽ።

ዋሸሽኝ አልልም። ብቻ ጻፊልኝ።

ብርነሽ

---

ሌስተር፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። አምስተኛው እንዲደርስዎት እግዚአብሔር ይርዳኝ።

ሊንከን ኖሬ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ነው የሄድኩት፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር፣ ለሽርሽር። እነሱ ሲገቡ እኔ ወደ ውስጥ አልገባሁም። የሴት ነገር ላይ ነበርኩ፤ ይገባዎታል። እናቴ እንዳስተማረችኝ በሩ ጋ ቆሜ፣ ተሳልሜ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ «ምነው ሳትገቢ?» አሉኝ፤ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ሳቅሁ፣ ፎቶም አነሱኝ። ቀይዋም ኮፍያ የኔ አይደለችም፣ ስለበረደኝ ያዋሱኝ ናት።

ፎቶውን ለእናቴ ስልክላት ደውላ «ተመስገን፣ ልጄ ቤቷ ደጀ ሰላም አጠገብ ነው!» አለች። ደስታዋን እንዴት ላፍርስባት? ዝም አልኩ። ከዚያ እሷ አለፈች። እኔ ከሆስፒታል ወጥቼ ቆሜ መሄድ እንኳ ሳልችል አለፈች። ያን ዝምታ ማንሳት እሷን እንደገና መቅበር መሰለኝ።

እና እትዬ፣ ያ ደብር የኔ አይደለም። እርስዎ ለማላውቀው ደብር ነው የተሳሉልኝ። ቪዛው ይቅር ቢሉም አልቀየምም።

አንድ ነገር ግን አለ። ትናንት አፍሬም ቢሆን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ፈልጌ አነበብኩ። ታቦት እንደኛ የላቸውም፤ ግን የተሠራው በማን ስም እንደሆነ ተጽፏል። እትዬ፣ የቅድስት ማርያም ነው።

ገሊላ

---

ቺሮ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገሊልዬ! የኔ ሞኝ!

እልልልልል! ጽሑፍ ላይ እልልታ እንዴት እንደሚጻፍ መሠረተ ትምህርት አላስተማሩኝም፤ አንቺ ሰምተሽ አንብቢው። ዋሲሁን ስልኩ ላይ ከፍቶ ሰጥቶኝ ሳነበው ከወንበሬ ተነስቼ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አቀለጥኩት። ፎቶግራፍ ሊነሳ የመጣ ሰውዬ ደንግጦ ወጣ።

አየሽ? በማርያም ቀን፣ ማርያምን ጠርቼ፣ ስሙን ለማላውቀው ደብር ተሳልኩ፤ የእሷው ሆኖ ተገኘ! ሌስተር ትኑሪ ሊንከን ትኑሪ ምን ቸገረኝ? እመቤቴ ስትፈውስሽ አድራሻ ጠየቀችኝ? እኔ የተሳልኩት ቆመሽ ለጸለይሽበት በር ነው። በሩ ላይ መቆምሽንም ማሚቴ ብትሰማ ኖሮ ይበልጥ ነበር ደስ የሚላት፤ ያሳደገችውን ታውቃለች።

ደግሞ ለእናትሽ ደስታ ብለሽ ዝም በማለትሽ ይቅርታ የሚያስጠይቅ በደል የለብሽም። ሁለተኛ ግን አራት ወረቀት አትቅደጂ። አንዷን ላኪያት።

ብርነሽ

---

ቺሮ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገሊላ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፣

ጉዴን ስሚ። በጾሙ መካከል አዲስ አበባ ሄድኩ። የመይሙና ልጅ ጂብሪል በጫት መኪናው ወሰደኝ። ጫት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። ልጁ ሚኤሶን ሲያልፍ አየሁ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር የለም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ስደግም ነው የደረስነው። ቀጠሮዬ በአራት ሰዓት ነበር፤ እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት በራቸው ላይ ነኝ።

ገብቼ ጣትሽን እዚህ ላይ አሳርፊ አሉኝ። መሣሪያው እምቢ አለ። ቀኙም፣ ግራውም። ልጅቷ «እማማ፣ አሻራዎ ጠፍቷል» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት በርበሬ እየደለዝኩ እንዴት አይጠፋ?» አልኳት። ቅባት ቀብታኝ፣ ደጋግማ አስጫነችኝና እግዜር ይስጣት በስንት መከራ ተገኘ።

ዛሬ መልሱ መጣ። ከልክለውኛል።

ዋሲሁን እንደተረጎመልኝ «ተመልሳ ወደ አገሯ እንደምትሄድ አላሳመነችንም» ነው የሚለው። እኔ! ብርነሽ ወልዴ! ቤቴን፣ ተራዬን፣ ጎረቤቴን ጥዬ እዚያ ዝናብ ውስጥ ልቀር? መይሙና ስትሰማ ሳቋ ማቆሚያ አጣ። «ይሄ ሰፈር አንቺን ለመገላገል ስንት ጊዜ ዱዓ አድርጓል፣ መቼ ሄደሽለት ታውቂያለሽ!» አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጥላው አልቆ ከአልጋዬ ራስጌ ቆሟል፤ ጠዋት ስነቃ አየዋለሁ።

ብርነሽ

---

ሌስተር፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፣ አይዞዎት፣

ደግመን እናመለክታለን። የሚፈልጉት እርስዎ ወደ ቺሮ የግድ መመለስ እንዳለብዎት የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ባል፣ ትናንሽ ልጆች፣ የመንግሥት ሥራ፣ እንዲህ ያለ ነገር። እርስዎ ደግሞ አንዱም የለዎትም። እስቲ ያስቡ፤ ለአንድ ወር ቢጠፉ ቺሮ ላይ የሚቆም ነገር ምንድን ነው?

ዘመዷ ሄዳ ዘጠኝ ዓመት ያልተመለሰች ሴት «እመለሳለሁ» ስትል ቢጠራጠሩም አልፈርድባቸውም። ይህ በኔ የመጣ ነው።

ገሊላ

---

ቺሮ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገሊላ፣

«የሚቆም ነገር ምንድን ነው» አልሽኝ? አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ማታ የእድር ስብሰባ ነበረን። የእድሩን ዕቃ ቤት ልከፍት ቁልፌን ሳወጣ፣ አሃ! አልኩ። ወዲያው እጄን አንስቼ ጉዳዩን ለጉባኤው አቀረብኩ። ሰብሳቢያችንን አቶ እንዳሻውን ታስታውሻለሽ፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው። እሱ የጻፈውን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፤ ዋሲሁን ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ማኅተም ተመቶበታል።

«ጉዳዩ፦ አባላችን ወ/ሮ ብርነሽ ወልዴ ተመልሰው የሚመጡ ስለመሆኑ ማረጋገጥን ይመለከታል። ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው አባላችን ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት የእድራችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ ሁለት ድንኳን፣ ስድስት ትላልቅ ብረት ድስት፣ አንድ መቶ ሃያ ወንበር በእጃቸው ይገኛል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ብቻ ሲሆን እርሳቸውም ለማንም አይሰጡም። ቅጂ እናስወጣ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠይቀው ሦስት ጊዜ አሻፈረኝ ብለዋል። በመሆኑም እርሳቸው በሌሉበት በሰፈራችን ሰው ቢሞት ድንኳን የማይተከል፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት የማይገኝ ስለሆነ ከሰላሳ ቀን በላይ እንዲቆዩ እድሩ የማይፈቅድ መሆኑን በጥብቅ እንገልጻለን።»

«አሻፈረኝ» የሚለውን አውጡልኝ ብል እንዳሻው «ማስረጃው እሱ ነው» ብሎ እምቢ አለ።

እውነቱን ነው። ቁልፉን የማልሰጠው ከማንም ቂም ይዤ አይደለም። የእናትሽ ቤት ቁልፍ ከሱ ጋር ባንድ ቀለበት ነው የታሰረው። በየቅዳሜው ከፍቼ አናፍሰዋለሁ።

ብርነሽ

---

ቺሮ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገሊልዬ፣ ሰጡኝ! ሰጡኝ! ፓስፖርቴ ላይ ለጥፈውልኛል! ለፍልሰታ ማርያም፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ በሩ ላይ ነኝ! የቀረውን በኋላ እጽፋለሁ፣ ለመይሙና ልነግራት እየሮጥኩ ነው። እንዳሻው «በኔ ደብዳቤ ነው» እያለ ከተማውን ዞረው፤ ምስጋና ሲቀበል ውሎ ማታ ድምፁ ተዘጋ።

ብርነሽ

---

ሌስተር፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ እንኳን ደስ አለን፣

እሑድ ዕረፍት ስለነበረኝ ብቻዬን በባቡር ሊንከን ሄድኩ። ዳገቱን በእርስዎ እግር ነው የወጣሁት። አሥር እርምጃ፣ ዕረፍት፤ አሥር እርምጃ፣ ዕረፍት። የሚቀመጡበትን ሁሉ በወረቀት ይዣለሁ። ከታች አንድ አግዳሚ አለ። ከሱ በላይ የሻይ ቤቱ ደረጃ፤ ባለቤቱን ጠየቅኩት፣ «እናትሽ እስከፈለገች ትቀመጥ» አለኝ። ከዚያ መጽሐፍ መሸጫው አጠገብ የድንጋይ መደብ አለ። አራተኛው አናቱ ጋ ሲደርሱ ነው፤ እዚያ ተቀምጠው ሽቅብ ሲያዩ ግንቡ ይታይዎታል።

በዚህ ጊዜ ገባሁ። እትዬ፣ ወደ ላይ ሳይ አንገቴን አመመኝ። ድንጋይ ጠርበው መላእክት አድርገዋቸዋል፤ በገና የሚደረድርም አለ። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ፣ ጎብኚ የምታስተናግድ፣ መጥታ «ልርዳሽ?» አለችኝ። ማርጋሬት ነው ስሟ። ከየት ጀምሬ እንደምነግራት ስለጨነቀኝ ከፎቶው ጀመርኩ። ቺሮን፣ በሽታውን፣ ስለቱን፣ የመይሙናን ዘርፍ፣ የእድሩን ደብዳቤ፣ ሁሉንም ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ሄዳ አለቆቿን ጠይቃ ተመለሰች፤ ጥላውን በስጦታ ይቀበላሉ።

በሩን በክንድ ለካሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ። አምስት ክንድ ነው፤ ዝሆኑን እርሱት።

ልጅዎ ገሊላ

---

ቺሮ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገሊላ፣

ይህ ከመሳፈሬ በፊት የመጨረሻው ነው። ጾም ስለሆነ አውሮፕላኑ ላይ ምን እንደሚሰጡኝ አላውቅም፤ በሶ ይዣለሁ። ላንቺ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ አስሬያለሁ። ጥላውን ሻንጣ ውስጥ አልከትም፣ በእጄ ነው። መይሙና በፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ በነጠላ፣ በነጠላው ላይ በገመድ ጠፍራዋለች፤ ሬሳ ነው የሚመስለው። ጋራውን ትናንት እስከ አናቱ ወጣሁት። ያ ከብት የሚነዳው ሽማግሌ «ገለቶሚ፣ ተመስገኚ፣ መቼም እግርሽ ለዛሬ አበቃሽ» ብሎ መረቀኝ።

ቁልፉን ለመይሙና ሰጥቻታለሁ። እንዳሻው ሲሰማ አኮረፈ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ለእድርተኛ ያልሰጠሽውን ለጎረቤት አለኝ። «ለእድርተኛ ብሰጥ ቅጂ ያስወጣል፣ መይሙና ግን አንገቷን ብትቆረጥ አትሰጥም» አልኩት። ሰው እንዳይሞት ብቻ ለምኛለሁ።

ብርነሽ

---

ቺሮ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለገሊላ፣ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ፣

በሰላም ገብቻለሁ። በሌለሁበት ማንም አልሞተም፤ እድሩ በሙሉ ጤንነቱን ስለጠበቀ አመስግኛለሁ።

ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ፣ ምን እነግርሻለሁ? ግን ጽፌ ካላስቀመጥኩት ያመልጠኛል። መይሙናም በየቀኑ «ድገሚልኝ» ትለኛለች፤ ስደግምላት ትንሽ ይጨምራል፣ ስለዚህ እውነተኛው እዚህ ይቀመጥ።

ዳገቱ ዳገት ነው። አላግባብ ንቄው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። የድንጋዩ መደብ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ «በቃ» አለኝ፤ ላንቺ አልነገርኩሽም፣ ፊትሽ ነጥቶ ነበርና። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ስገልጠው አንቺም ጨፍነሻል። ከዚያ ተነሳሁ፤ በማን ጉልበት እንደተነሳሁ አላውቅም።

በሩ ጋ ጫማዬን ሳወልቅ ማርጋሬት መጣች። መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ጎንበስ አለችና የራሷን ጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ያቺን ነጭ ፀጉሯን ከላይ ሳያት አለቀስኩ። እህት ማለት ሌላ ምንድን ነው? ጥላውን ልከፍት ስል ደግሞ «በነሱ አገር ቤት ውስጥ ጥላ መክፈት ገደ ቢስ ነው ይላሉ» ብለሽ በጆሮዬ ነገርሽኝ። እኔም በር ላይ ልክፈተውና ልግባ እያልኩ ሳወላውል፣ ሴትዮዋ «እዚህ ቤት ውስጥ ምንም አያስፈራም፣ ክፈቺው» አለች። ከፈትኩት። የመይሙና ዘርፍ በዚያ ድንጋይ ሁሉ መካከል ሲያብረቀርቅ! እልል አልኩ። እልልታዬ ከጣራው ጋር ተጋጭቶ፣ ተባዝቶ መጣ፤ አንድ አፍ ይዤ ገብቼ የመቶ ሴት እልልታ ሰማሁ። ጎብኚው ሁሉ አጨበጨበ።

ያቺን ጥግ ላይ ያለችውን ከድንጋይ የተቀረጸች ትንሽ ሰይጣን ግን አልወደድኳትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስቀምጦ ማስጎብኘት ምን የሚሉት ነው? ሦስት ጊዜ አማትቤባት አልፌያለሁ።

የመይሙናን ጃንጥላ መግዛት ረስቼ ነው የመጣሁት። ያን ሁሉ ቀን ዘንቦብኝ! አኩርፋኛለች፤ አኩርፋም ቢሆን በየቀኑ ትመጣለች።

ልጄ፣ መቼ ትመጫለሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ቤቱን ቅዳሜ ከፍቼ አናፍሼዋለሁ። እድሩ ድንኳን ሊጠግን ነው፤ አምና ሁለቱም የወጡት ለለቅሶ ብቻ ነው። ለደስታ መቼ እንደተከልነው ማንም አያስታውስም።

ብርነሽ

---

ሌስተር፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፣ ለእናቴ ምትክ፣

ደመራው ወደ የት ወደቀ? መልካም ዓመት ይሁንልን።

የድንጋዩ መደብ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እንዳዩኝ ጽፈውልኛል። እንግዲህ እኔም ልናገር። ፊትዎ ጠቁሮ፣ ጉልበትዎን በሁለት እጅዎ ይዘው ሳይዎት ደነገጥኩ። ያን ሁሉ መንገድ ለኔ ብለው መጥተው ዳገቱ ሊያልቅ ሃምሳ እርምጃ ሲቀርዎት ሊቀሩ ነው ብዬ። እኔም ስጨነቅ ማሰብ አልችልም፤ ለካ በዘር ነው። «እመቤቴ ሆይ፣ እትዬ ብርነሽን ሳታሳፍሪ እደጅሽ ካደረስሽልኝ፣ አገሬ ገብቼ እናቴ መቃብር ላይ እቆማለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ቆመዋል።

አምስት ዓመት ሊሞላ ነው የፈራሁት። የሰው እናቶችን ሳጥብ፣ ሳጎርስ፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር ውዬ የራሴን እናት ቤት ባዶውን ማየት አልችልም ነበር። ያንን በር መክፈት ከዳገቱ ሁሉ ይብስብኝ ነበር። እርስዎ ግን በየቅዳሜው ሲያናፍሱት ኖረዋል።

ስለት ደግሞ እንደ ሰው ቀጠሮ አይደለም ያሉት እርስዎ ነዎት። ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፣ ቲኬትም ቆርጫለሁ። ጥር 19 አዲስ አበባ እገባለሁ፤ አስተርዮ ማርያምን ቺሮ ነኝ። ጂብሪል እንዲቀበለኝ ይንገሩልኝ፤ ከጫቱ ጋርም ቢሆን እመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ለመይሙና ጃንጥላ ገዝቻለሁ፤ ትልቅ ነው፣ ለሁለት ሰው ይሆናል። ማርጋሬት ሰላም ብላለች።

አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ዕቃ ቤቱን ይክፈቱና ድንኳኑን ያውጡ፤ እናቴ ግቢ ውስጥ ይተከል። ለለቅሶዋ የተተከለውን ቆሜ አላየሁትም። ለደስታ ሲተከል ልይ።

ልጅዎ ገሊላ